ሮክ የማይሰማ ጆሮ ፒንክ ፍሎይድን እንዴት ወደደ?

ጅማ ውስጥ ሮክ አይሰማም። ይሰማል የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ከመርካቶ ተነስታችሁ በባጃጅ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስትሄዱ የምትሰሙት ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛ ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ አማፒያኖ ነው። ሾፌሩ ዕድሜው ትንሽ ገፋ ያለና መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነገር ያንጠለጠለ ከሆነ ሬጌ ነው። ጊታሩ የሚጮህ ዘፈን ከከፈተ ግን ከኋላ አንዱ «ወንድሜ፣ እስቲ ቀይረው» ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን በፍቅር የሚሰሙ ልጆች አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ከየት አመጣችሁት ብትሉን የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው። በሬጌ በኩል።

አልበሙ «ደብ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ይባላል። ኢዚ ስታር ኦል ስታርስ የተባለ የኒውዮርክ የሬጌ ስብስብ በ2003 ያወጣው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም እላለሁ።) ሰዎቹ ድፍረታቸው ለጉድ ነው። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጣውን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ተራውን ሳያዛንፉ፣ በሬጌና በደብ (ከሬጌ የወጣ፣ ቤዝና ኢኮ የሚበዛበት ስልት ነው) እንደገና ሠሩት። አንድ ሁለት ዘፈን አይደለም፣ አልበሙን በሙሉ።

ይህን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮቨር የሚባለው ነገር እያጨቃጨቀን ነው። አንድ ወጣት የጥላሁንን ወይም የአሊ ቢራን ዘፈን በአዲስ ቅንብር ቲክቶክ ላይ በለቀቀ ቁጥር ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ነፍስ ዘራበት» ይላል፣ ሌላው «የራሱን መሥራት አቅቶት የሰው ዘፈን ይነካካል» ይላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት የድምፃውያን ውድድሮችም ቢሆኑ ከሞላ ጎደል በቆዩ ዘፈኖች የቆሙ ናቸው። ልጆቹ በሰው ዘፈን ይፈተናሉ፣ በሰው ዘፈን ይታወቃሉ፣ ከዚያ የራሳችሁን አምጡ ሲባሉ ብዙዎቹ ድምፃቸው ይጠፋል።

እኔ ኮቨርን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ሰምቼው ስጨርስ ዋናውን ልፈልግ ተነሳሁ ወይስ አልተነሳሁም? ካልተነሳሁ ኮቨሩ የዋናውን ቦታ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ከተነሳሁ ግን ኮቨሩ ሥራውን ሠርቷል። ደብ ሳይድ ሥራውን ከሠሩት ነው፤ ለምን እንደሠራ መፍታት ደግሞ ለእኛም ሙዚቃ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በመጀመሪያ እንዴት ጅማ ገባ? ሙዚቃ ወደዚህ የሚመጣበትን መንገድ የሚያውቅ አይገረምም። ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ከመክፈቱ በፊት ዘፈን የምንገዛው ሚሞሪና ፍላሽ ከሚጭኑ ልጆች ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሮች ተደርድረዋል። «የድሮ»፣ «ኦሮምኛ»፣ «ጉራጊኛ»፣ «መንዙማ»፣ «ሬጌ»። የዘፋኝ ስም ብዙ ጊዜ የለም። «ትራክ 04» ይላል፣ አለቀ። ልጁን «ሬጌውን ጠቅልለህ ጫንልኝ» ትለዋለህ፤ ቤት ገብተህ ስትከፍተው ቦብ ማርሊና አልፋ ብሎንዲ ከእዮብ መኮንን ጋር ተደባልቀው ይመጣሉ። ደብ ሳይድ እኔ ጋ የደረሰው እንደዚያ ሬጌ ተብሎ ነው። ፎልደሩ «ሮክ» ቢል ኖሮ ከነጭራሹ አላስጭነውም ነበር።

ሬጌ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምክንያቱን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ሻሸመኔ አለ፣ ቦብ ማርሊ በ1978 መጥቶ ሄዷል፣ 60ኛ ልደቱ በ2005 መስቀል አደባባይ ላይ ተከብሮለታል። ከእኛም ወገን ሄደው የሠሩ አሉ። የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሊ በ1988 ባወጣው አልበም ላይ የተጫወቱት የዳሎል ባንድ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የጅማ ልጅ ቤዝ ሲመታ አንገቱ ራሱ ያውቃል፣ ማንም አያስተምረውም።

እና ያ ቤዝ ነው በሩን የከፈተው። ሮክን የማይወድ ሰው ምንድነው የማትወደው ብትሉት ዜማውን አይላችሁም፤ ዜማውን መቼ ሰማውና! ጩኸቱን ነው የሚላችሁ። ጊታሩ ከፊት ቆሞ ስለሚጮህ ከኋላው ያለው አይሰማም። ሬጌ ይህን ይገለብጠዋል። ጊታሩ ከኋላ ሆኖ ቸክ ቸክ ይላል፣ ቤዙና ድራሙ ከፊት ይመጣሉ፣ በመሀል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ዜማውና ቅንብሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ያኔ ነው «ይሄ ዜማ የማን ነው?» የምትለው።

አንድ ዘፈን በቅርቡ እንየው። «መኒ» የሚባለውን። ዋናው ላይ መግቢያው የገንዘብ ድምፅ ነው። ሳንቲም ይንኳኳል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽን ይከፈታል ይዘጋል። ይህን በኮምፒውተር አልሠሩትም፤ በ1973 ምን ኮምፒውተር አለ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋችና ገጣሚ ሮጀር ዎተርስ ሚስቱ ሸክላ ስትሠራ የምትጠቀምበት ትልቅ ሳህን ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ቀረፀ። ከዚያ የእያንዳንዱን ድምፅ ቴፕ በማስመሪያ እየለኩ ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ ክብ አድርገው አዞሩት። የዘፈኑ ምት የተያዘው በዚያ በሚዞር ቴፕ ነው።

የሬጌዎቹ ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ ምን አደረጉ? ውኃ ውስጥ የሚንተከተክ ጭስ የሚስብ ሰው አስገቡ፣ ከዚያ የሚያስል ሰው፣ ሳሉ ደግሞ ልክ እንደ ሳንቲሙ ምት ጠብቆ ይደጋገማል። የሚጨሰው ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ቀልድ ነው፣ ግን ዋናውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚቀልደው ቀልድ ነው።

አሁን ሲኒያችሁን ወዲያ አድርጉና ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አልገባላችሁም አይደል? «መኒ» በሰባት ነው የሚሄደው። ሬጌ እንደ አብዛኛው የዓለም ሙዚቃ በአራት ነው። የእኛም ችክችካ ቢሆን በስድስት ነው የሚቆጠረው። ሰባት ላይ እግራችሁ ይጠፋል፤ አንድ ምት ሲቀረው ትገባላችሁ ወይ አንድ ምት ታልፋላችሁ። የሚገርመው ሬጌዎቹ ሰባቱን አልነኩትም። ወደ አራት ቢያወርዱት ሥራው ይቀላቸው ነበር፣ ሰውም ይጨፍርበት ነበር። እነሱ ግን ሰባቱን እንደያዙ ሬጌ አደረጉት። እኔ ኮቨር ማለት ይሄ ነው የምለው እንግዲህ። ልብሱን ቀየሩ እንጂ አጥንቱን አልሰበሩም። ዋናው ራሱ ጊታሩ ለብቻው ሲገባ ወደ አራት ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በሬጌው እየቆጠርኩ ነው። ዋናውን ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን ጩኸቱ ውስጥ ጠፍቶብኝ ያልፍ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እንዲያውም ዋናው ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ደብ የሚባለው ነገር ጃማይካ ውስጥ የተወለደው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኪንግ ተቢ የሚባል ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ያለቀ የዘፈን ቴፕ ይወስዳል፣ ድምፁን ያወጣና ቤዝና ድራሙን ይተወዋል፣ ከዚያ ከዘፋኙ አንድ ቃል ብቻ ብቅ አድርጎ በኢኮ ያርቀዋል። ማደባለቂያው ራሱ መሣሪያ ሆነ። በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ፣ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ፣ ፒንክ ፍሎይድና የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ የሚሠሩት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ቴፕ መቁረጥ፣ ኢኮ፣ የሰዓት ድምፅ፣ የልብ ምት፣ የስቱዲዮው በረኛ ሳይቀር ተጠይቆ የመለሰው መልስ አልበሙ ላይ አለ። አንዱ ኪንግስተን አንዱ ለንደን ሆነው ተመሳሳይ ነገር እየነካኩ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ደብና ፒንክ ፍሎይድ ከመሬት ተነስተው የተጋቡ አይደሉም፣ ዝምድና ነበራቸው። ይህን ዝምድና ሳያገኙ ዝም ብለው «ይህን ባንድ ሬጌ እናድርገው» ያሉ ብዙ ናቸው፣ ውጤታቸውም ሊፍት ውስጥ የሚከፈት ዓይነት ሙዚቃ ነው።

ኢዚ ስታሮች ራሳቸው ከዚያ በኋላ ገፍተውበታል። በ2006 የሬዲዮሄድን አልበም፣ በ2009 የቢትልስን፣ በ2012 የማይክል ጃክሰንን ሠሩ። ለእኔ የመጀመሪያውን የሚያክል የለም።

እና ወደ ዋናው ስትሄዱ ምን ይጠብቃችኋል? እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቅር ይላችኋል። ዝግ ያለ ነው። ቤዙ እንደለመዳችሁት ደረት አይመታም። ትንሽ ታገሱት። ሬጌው ያስቀረባችሁ ነገር ቀስ እያለ ይመጣል። «ታይም» ላይ ያለውን የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሬጌ ሊሰጣችሁ አይችልም፣ ባሕርዩም አይደለም። የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ ከሁሉም ዘፈን ሥር እንደ ጭጋግ ይሄዳል፣ ሲነሳ ነው የሚታወቀው።

«ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የሚባለው ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ያለ ግጥም ታዜማለች፣ ታለቅሳለች ብል ይቀለኛል። ክሌር ቶሪ ትባላለች። እሑድ ቀን ተጠርታ መጣች፣ ስለ ሞት አስቢና አዚሚ አሏት፣ አዜመች፣ 30 ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ላይ ከ700 ሳምንት በላይ ቆየ፣ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። እሷ ያን ዜማ ከራሷ አውጥታ ነው የሠራችው። በ2004 ከሰሰች፣ በ2005 ተስማሙ፤ አሁን ከራይት ጋር የድርሰቱ ባለቤት ተብላ ስሟ ተጽፏል። ከ30 ዓመት በኋላ! ይህን ታሪክ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ግጥሞቹን በተመለከተ ዎተርስ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ሆኖ ነው የጻፋቸው። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ሞት፣ እብደት። እብደቱ ባዶ ወሬ አይደለም። የባንዱ መሥራችና የመጀመሪያው ዘፋኝ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ነው ከቡድኑ የወጣው፤ ጊልሞር እሱን ሊተካ የገባ ነው። «ታይም» ደግሞ የሚለው በአጭሩ ሕይወት ገና ሊጀመር ነው እያልክ ስትጠብቅ ከጀመረ ቆይቷል ነው። ተመርቆ አራት ቦታ ለሥራ አመልክቶ፣ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ቡና እየጠጣ ስልክ የሚጠብቅ የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛው ብዙም አይቸግረውም።

የዘመኑን ነገር ለማገናዘብ ያህል፣ አልበሙ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ነበር የቀረው። የባንዱ አራት ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ አብረው መድረክ ላይ የወጡት ደግሞ በ2005 ለንደን ላይ፣ ላይቭ 8 በተባለው ኮንሰርት ነው። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው የላይቭ ኤድ 20ኛ ዓመት ላይ ነው፣ ላይቭ ኤድ ደግሞ የ1977 ዓ.ም ረሃባችን ኮንሰርት ነው። ተጣልተው ከ20 ዓመት በላይ አብረው ያልተጫወቱ ሰዎች አንድ መድረክ ላይ የቆሙበት ሰበብ ዞሮ ዞሮ ከእኛው ረሃብ ይመዘዛል። ምን እንደምል አላውቅም በዚህ ላይ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ኮቨር በር ከፋች ሲሆን ያየነው እዚህ ብቻ አይደለም። ካናዳዊው ዘፋኝ ሊዮናርድ ኮኸን «ሃሌሉያ»ን ያወጣው በ1984 ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው ዞር ብሎም አላየው። በ1991 አንድ የፈረንሳይ የሙዚቃ መጽሔት የኮኸንን ዘፈኖች የተለያዩ ሰዎች የሚዘፍኑበት የክብር አልበም አሠራ። እዚያ ላይ ጆን ኬል «ሃሌሉያ»ን በፒያኖ ብቻ ዘፈነው። ጄፍ በክሌይ ያን የኬልን ሰምቶ በ1994 የራሱን ቀረፀ። ዛሬ ዓለም በየሠርጉና በየቀብሩ የሚዘፍነው ዘፈን የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የኮቨር ኮቨር ማለት ነው! መሀል ላይ ያ የክብር አልበም ባይኖር ዘፈኑ ተረስቶ ይቀር ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የአሜሪካው የሮክ ባንድ ኢግልስ ደግሞ በ1980 ተበትኖ ነበር። በ1993 የአሜሪካ የካንትሪ ዘፋኞች ዘፈኖቹን ሰብስበው አልበም አደረጉለት። ከዘፋኞቹ አንዱ ትራቪስ ትሪት ለቪዲዮው የባንዱን አባላት ካልጠራችሁልኝ አለ፣ ተጠሩ፣ መጡ፣ አብረው ቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት ባንዱ ተመለሰ። ግሬትፉል ዴድ ለተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1991 የተሠራው አልበም ላይ የጃማይካው የሬጌ ዘፋኝ በርኒንግ ስፒር አለ፤ የሬጌ ሰው ሆናችሁ ያን ባንድ ለመቅመስ ከዚያ የተሻለ መግቢያ የለም።

የእንግሊዙ የሄቪ ሜታል ባንድ ብላክ ሳባዝም አለ። በ1994 ሜጋዴዝና ሴፑልቱራን የመሳሰሉ ባንዶች የተሳተፉበት አልበም ተሠራለት፣ የዚያ ዘመን ልጆች ሳባዝን ያወቁት በዚያ ነው። በ2025 ሐምሌ ወር ላይ በርሚንግሃም ከተማ የመሰናበቻ ኮንሰርት ሲደረግ ደግሞ ሜታሊካን ጨምሮ ታላላቆቹ ባንዶች መድረክ ላይ እየወጡ የሳባዝን ዘፈን በየራሳቸው ተጫወቱ። የሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አረፈ። ገና በሕይወት እያለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ልጆቹ የሚሆኑ ሰዎች የእሱን ዘፈን ሲዘፍኑለት አይቷል። እኛ ይህን የምናደርገው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፣ ያውም በአርባው።

በርግጥ አብዛኛው የክብር አልበም አይረባም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። አንዳንዱ ኩባንያ ዝነኛ ዘፈን ይዞ ርካሽ ሙዚቀኛ ቀጥሮ የሚያመርተው ነው፤ የአልበሙ ልባስ ላይ የዋናው ባንድ ስም በትልቁ፣ የተጫዋቹ ስም በጥቃቅን ፊደል ይጻፋል። አንዳንዱ ደግሞ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ያው ጊታር፣ ያው ፍጥነት፣ ታዲያ ምን ልሁን ብዬ የአንተን ልስማ? ከዋናው ካልራቀ በር አይሆንም። በጣም ከራቀ ደግሞ መመለሻው ይጠፋል። ደብ ሳይድ መሀል ላይ ነው የቆመው።

ፈረንጆቹ ጋ ይህ ሁሉ የበዛው ሙዚቀኛ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሕጉ ያግዛቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1909 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አንድ ዘፈን አንዴ ተቀርፆ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ሌላ ሰው ሊዘፍነው ቢፈልግ ደራሲው እምቢ ሊለው አይችልም። በሕግ የተወሰነውን መክፈል ነው እንጂ ደጅ መጥናት የለም። በ2024 ክፍያው ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.4 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በራስህ ስልት ማቀናበርም ይፈቀዳል፣ መሠረታዊ ዜማውን እስካልቀየርክ ድረስ። የሬጌዎቹ «አጥንት አለመስበር» እንግዲህ ጥበብ ብቻ አይደለም፣ ሕጉም ወደዚያው ይገፋል።

እኛ ጋ ያለው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላ በ872/2007 ተሻሽሏል (እነዚህ ዓመቶች በዓ.ም ናቸው)። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት እሱ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ጎልማሳ ሰው የሚወዳቸው ዘፈኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ገና ባለቤት አላቸው። ባለቤቱ ማነው የሚለው ላይ ነው ችግሩ። የእኛ ዘፈን ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሦስተኛ ነው። ሰው ግን «የጥላሁን ዘፈን» ብሎ ያልፈዋል። ክቡር ዘበኛ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ ቅንብር የሠራ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያለ ሰው ስሙ የሚነሳው ስንት ጊዜ ነው? የክሌር ቶሪን ታሪክ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። እሷ መክሰስ ቻለች፣ ምክንያቱም ማን እንደዘፈነ ተጽፏል። የእኛ ልጅ ዩቲዩብ ላይ ኮቨር ሲለቅ «ኦሪጅናል፦ እገሌ» ብሎ የዘፋኙን ስም ብቻ ይጽፋል፣ እሱንም ከጻፈ ነው። የካሴቱ ልባስ ላይ የነበረው የግጥምና የዜማ ደራሲ ስም ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲገለበጥ ጠፋ፣ ከሚሞሪ ወደ ቴሌግራም ሲሄድ የዘፋኙም ጠፋ። «ትራክ 04» ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ኮቨር ፈጠራን ገደለ ለሚሉት ወገኖች መልሴ፣ የገደለው ኮቨሩ አይደለም ነው። ኮቨሩ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ምልክት ስለሌለው ነው የሚመክነው። እኔ ደብ ሳይድን ያገኘሁት ያለ ስም ነው፤ ግን ፈረንጆቹ ጽፈው ስላስቀመጡት ስሙን አንዴ ካገኘሁ በኋላ በአንድ ማታ ከሬጌው ወደ ዋናው፣ ከዋናው በ1975 ወደወጣው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»፣ ከዚያም ወደ ሲድ ባሬት ሄድኩ። አንድ የጅማ ልጅ የሰማውን የድሮ የኦሮምኛ ዘፈን ኮቨር ተከትሎ እንዲሁ ልሂድ ቢል ሁለተኛው እርምጃ ላይ መንገዱ ይቆረጣል።

የሚያናድደው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ማለቴ የሙላቱ ነገር። ሰውየው ጅማ ነው የተወለደው፣ በ1936 ዓ.ም። እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ ኢትዮ ጃዝ ያለውን ነገር ፈጥሮ ዓለም ሲያጨበጭብለት፣ እዚህ የእሱን ቪብራፎን ያወቁት ብዙ እኩዮቼ በማን በኩል ይመስላችኋል? በአሜሪካዊው ራፐር በናስና በዴሚየን ማርሊ። ሁለቱ በ2010 በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው «የግሌ ትዝታ» ነው። እሱ ኮቨር አይደለም፣ ከዋናው ተቆርጦ የገባ ነው፤ ግን ሥራው ያው ነው። የቦብ ማርሊ ልጅ ከጃማይካ ተነስቶ ለጅማ ልጅ የጅማን ሰው አስተዋወቀ። በዚያ ላይ ፓሪስ ውስጥ አካሌ ውቤ የሚባል የፈረንሳዮች ባንድ የእኛን የ60ዎቹና የ70ዎቹን ሙዚቃ ሲጫወት ኖሯል፤ የሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 አልበም ሠርተዋል፣ ፓንክ ሮክ ከሽለላና ፉከራ ጋር! ያን አልበም ያልሰማ ካለ ዛሬውኑ ይስማ።

ለምን እኛ አንሠራውም ታዲያ? ሙሉ አልበም ማለቴ ነው እንጂ አንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቁራጭማ በሽ ነው። ለምሳሌ ሙላቱ በ1972 ያወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ተራውን ሳያዛንፉ፣ በሬጌ። ወይም በእኛው አገር ምት። ዜማው አምስት ኖታ ይዞ የሚሄድ፣ ቤዙ ቀድሞውኑ የከበደ፣ ባዶ ቦታ የሞላው ሙዚቃ ነው። ደብ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ከጓደኞቼ ጋር ይህን ስናወራ ወሬው ሁሌ አንድ ቦታ ይደርሳል። ፈቃዱን መጠየቅ ይቻላል፤ ሙላቱ በሕይወት አለ፣ ስሙም አድራሻውም የታወቀ ሰው ነው፣ ከሌሎቹ በተለየ «ባለቤቱ ማነው» የሚል ጥያቄ የለበትም። ስቱዲዮም አይጠፋም፣ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተርና ማይክ ያለው ልጅ ሞልቷል። የቸገረን ቤዝ ተጫዋች ነው። የምናውቃቸው ሁለቱም ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አለባቸው፣ በሥራ ቀን ደግሞ አንደኛው ቡና ይጭናል። ጾም ሲገባ ሠርጉ ስለሚቀንስ ያኔ እናያለን ብለዋል።